ሻምበል የነከሰው መምህር

የእንስሳት ሐኪሙ ዘመኑ ተመርቆ ፍኖተ ሰላም ከተመደበ ጀምሮ አንድ ነገር ይመኝ ነበር፤ የእብድ ውሻ በሽታን ራሱ ጠርጥሮ በላቦራቶሪ ማረጋገጥ። በረዶ የሚይዝ ሳጥን ሳይቀር አዘጋጅቷል።

ስለዚህም ድረስ የሚባለው መምህር እያነከሰ መጥቶ "የእትዬ አልጣሽ ውሻ ነከሰኝ" ሲለው፣ አዘነለትም፣ ደስም አለው። ሱሪው ተቀዷል፤ ባቱ ላይ ጫር ጫር ያለ ቁስል አለ።

"ጤና ጣቢያ ሂድና ክትባቱን ዛሬውኑ ጀምር" አለው። "በየቀኑ ሆድ ላይ ነው የሚወጋው። ያማል።"

"ምን ይደረግ" አለ ድረስ፣ ፊቱ ሳይጠቁር።

እትዬ አልጣሽ ከልጃቸው ከልብስ ሰፊዋ ፋናዬ ጋር ከከተማው ዳር ይኖራሉ። ውሻቸው፣ በደርግ ጊዜ ሻምበል የሚል ስም የወጣለት፣ በረት ውስጥ ታስሯል። ዘመኑ ከድረስ ጋር ሄዶ በዱላ ርቀት ቆሞ አየው። ምላሱ ተንጠልጥሏል፤ ለሀጩ ይዝረበረባል። አጥንት ወረወረለት። ሻምበል አሸተተ፣ ላሰ፣ ተወው።

ዘመኑ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

"እትዬ፣ ምልክቱ ደግ አይደለም። ይገደልና ጭንቅላቱን በበረዶ አሽጌ አዲስ አበባ ልላከው። ከአንጎሉ ትንሽ ወስደው መስታወት ላይ ይቀቡና፣ ማቅለሚያ ጨምረው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። በሽታው ካለ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል።"

"ከሌለሳ?" አሉ እትዬ አልጣሽ።

"አያበራም።"

"ሻምበልስ?"

ዘመኑ ዓይኑን ከሴትዮዋ ወደ ውሻው መለሰ።

"ሌላ መንገድ የለም?" አለ ድረስ ቸኩሎ።

"አለ። አስር ቀን ታስሮ ይጠበቃል። በሽታው ካለበት ከዚያ አያልፍም፤ ይሞታል። ሲሞት ጭንቅላቱ ይላካል።"

"እንግዲያው ይጠበቅ። እኔ በየቀኑ እየመጣሁ አየዋለሁ።"

"አፉን ግን ማንም እንዳይነካ" ሲል ዘመኑ አስጠነቀቀ።

ድረስ ቃሉን ጠበቀ። ጠዋት ሆዱን ይወጋል፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እዚያ ነው። ፋናዬ ሱሪውን ጠቀመችለት። ዘመኑ ብቅ ባለ ቁጥር ሁለቱ በረቱ ደጃፍ ተቀምጠው ሲሳሳቁ ያገኛቸዋል፤ ወደ ውሻው ዞር የሚል የለም። ሞት አጠገባቸው ታስሮ እንዲህ መሳቃቸው ያበሳጨዋል።

ይበልጥ ያሳሰቡት ግን እትዬ አልጣሽ ናቸው። ለሻምበል የሚሰጡት በወጥ የራሰ ፍትፍት ብቻ ነው።

"ደረቅ ነገር አይበላም?" ሲላቸው፣

"ሆዱን ይለዋል" ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ።

መዋጥ አቅቶታል ማለት ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ እየደበቁ ነው። ዘመኑ በረዶ ማፈላለግ ጀመረ።

በአስረኛው ቀን ሻምበል ጭራውን እየቆላ ተቀበለው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ፋናዬን ለመምህር ድረስ ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። ድረስ ራሱ ከግቢው በር ውጭ ይጠብቃል። ዘመኑ ሳቀ። በረዶው ትንሽ ቢቆጨውም "ውሻው ደህና ነው" ብሎ አበሰረ።

ከዚያ ሻምበልን ፈታውና፣ አሁን የሚያስፈራ ነገር ስለሌለ፣ መንጋጋውን ይዞ አፉን ከፈተው። ቆይቶ ቆይቶ አየ። ጣቱን አስገብቶ ዳር እስከ ዳር ዳሰሰ።

ወደ ቤት ገብቶ እትዬ አልጣሽን ጠጋ አላቸው። "እትዬ፣ ይህ ውሻ ጥርሱ ረግፎ ካለቀ ስንት ጊዜው ነው?"

"ሦስት ዓመት አለፈው" አሉ፣ ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ እያስተካከሉ። "ቀስ ብለህ ተናገር ልጄ፣ መምህሩ እንዳይሰማ።"