የማይጮኸው ድስት

ገብረሃንስን የሰደበው ባለሱቁ ወንድሜነህ ነው። ያለፈው ማክሰኞ፣ ሰሜን በሚባለው ሰፈር፣ አስፋልቱ ዳር ባለው መስታወታም የዕቃ ሱቅ ውስጥ፣ ሦስት ሴቶች እየሰሙ። ገብረሃንስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የማይጮህ ፕሬሸር ድስት አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ባለሱቁ በሳቅ ፍርስ ብሎ፣ «ጩኸት የሚፈራ ሰው ለጆሮው ጥጥ ይገዛል እንጂ ድስት አይገዛም!» አለው። ሴቶቹም ሳቁ። አንዷ ሳቋን በነጠላዋ ልትሸፍን ሞክራለች፤ እሷን ብቻ ይቅር ብሏታል።

ገብረሃንስ እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም። አራተኛ ክፍል ሳለ «አንተ ጭንቅላትህ ብሎኬት ነው» ያሉትን መምህር እስከ ኮታቸው ቀለም ያስታውሳቸዋል። ዛሬ ብሎኬት እያመረተ ሲኖር ደግሞ ስድቡ ትንቢት ሆኖበት የባሰ ያንገበግበዋል። ለወንድሜነህም መልስ ያገኘው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ጥሩ መልስ፣ አጥንት የሚሰብር። አሁን ማንም እሱን ወደማያውቅበት የቁሓ ከተማ ገበያ ድረስ ሲመጣ ያንኑ መልስ ምላሱ ላይ ይዞ ነው።

ረሒማ ከወሎ መጥታ እዚሁ የከተመች ነጋዴ ናት። ሸራ ወጥራ ድስትና ጭልፋ ትሸጣለች።

«ከመይ ኣለኻ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ምን ልስጥህ?»

«ፕሬሸር» አለ ኮስተር ብሎ። «ዋጋው የማይፋጅ።»

«ለስንት ሰው?»

«ሚስቴ ለቀን ሠራተኛ ምሳ ትሠራለች። ባቄላው ሳይበስል ከሰሉ ያልቃል። ትርፉን እኮ ከሰሉ በላው!»

ይህን ያህል ተናገረ፤ ቀሪውን ዋጠው። የጎረቤት ፕሬሸር ባፏጨ ቁጥር ሚስቱ ዕፀገነት የያዘችውን ጥላ ወደ ግቢ ትሮጣለች። ግድግዳ ሥር ኩርምት ብላ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ከጦርነቱ ወዲህ እንዲህ ናት። ያለ ፕሬሸር ሥራው አያዋጣትም፤ የሚጮኸውን ቢያመጣላት ደግሞ አጠገቡ አትደርስም።

ረሒማ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ድስት አንስታ ውኃ አደረገችበትና ቡታጋዟን ለኮሰች። «እኔ ሳልሞክር አልሸጥም፤ ኋላ ፈነዳ ብለህ ክዳኑን ተሸክመህ እንዳትመጣብኝ።»

ገብረሃንስ ሊስቅ ነበር። ድስቱ ግን ቀደመውና ጮኸ፤ ሸራውን የሚቀድ የሚመስል ቀጭን፣ ረጅም ፉጨት። ራሱን ያገኘው የሸራውን ምሰሶ ተደግፎ፣ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ፣ ቁጢጥ ብሎ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምትፈራው ሚስቱ ብቻ ትመስለው ነበር።

«አቦይ!» አለ ከጎን ጫማ የሚሸጠው ጃፋር። «ድስት እኮ ነው፤ አይነክስም!»

የገብረሃንስ ደም ፈላ። ያ መልስ ከከንፈሩ ሊወጣ ሲል ረሒማ ቀደመችው።

«አንተ ጃፋር፣ አፍህን ያዝ! ባለፈው የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ጫማ ክምርህ ውስጥ ተቀብረህ ጎትተን ያወጣንህ አንተ አይደለህም?»

«ወላሂ እውነቷን ነው» አለ ጃፋር፣ ራሱ እየሳቀ። «አንድ እግር ጫማ እስከዛሬ አላገኘሁም።»

ረሒማ እሳቱን አጠፋች። ገብረሃንስ ተነስቶ ልብሱን እስኪያራግፍ ፊቷን አዙራ ጠበቀችው። ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ድቡልቡል ያለች፣ ክዳኗ የተጫጫረ ድስት አወጣችና በእጅጌዋ አቧራዋን ጠረገች። ውኃ፣ እሳት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከክዳኑ ላይ ትንፋሽ መጣ፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ የመሰለ፣ ዝቅ ያለ።

«በቃ? ይሄ ነው?»

«ይሄው ነው። ይህች ክዳኑ ላይ ያለች ፒን ብቅ ስትል አየሃት? እሷ ሳትወርድ ክዳኑን እንዳትነካ።»

ዋጋውን ነገረችው። ከትልቁ እጅግ ይረክሳል። ገብረሃንስ ግንባሩን ቋጠረ። «ለኔ ብለሽ ቀንሰሽ እንዳይሆን! እኔ የሰው ከንፈር መጠጣ አልፈልግም።»

«ላንተ? ማን ስለሆንክ!» ብላ ሳቀች። «ሰው የሚጮኸውን ነው የሚወደው። ፉጨቱን ቆጥሮ ነው ወጡን የሚያወርደው። ይህችንማ ወስደው ወስደው 'ሞታለች' እያሉ ይመልሱልኛል። ክረምቱን ሙሉ ጠረጴዛ ሥር ነው የከረመችው።»

ነገሯን፣ ስንጥቅ እንዳለው ብሎኬት እንደሚፈትሽ ሰው፣ አገላብጦ አየው። ንቀት ፈለገበት፤ ምጽዋት ፈለገበት። አላገኘም። ከፈለ፤ ለባጃጅም ተረፈው።

ረሒማ ውኃውን ደፍታ ድስቷን ወለወለችና በጋዜጣ ጠቀለለቻት። ከላይ አንድ የክዳን ጎማ ጨመረችበት። «የራሷ ሲላላ ትቀይሩታላችሁ። ይሄ ምርቃት ነው።» ከዚያ ጃፋር እንዳይሰማ ጠጋ አለች።

«ለባለቤትህ ንገራት» አለችው። «እኔም ቤት ያለችው ይህችው ዓይነት ናት። ሌላውን አልቻልኩትም። አብሽር፣ ሓወይ።»

ገብረሃንስ አፉን ከፈተ። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ያጠራቀመው መልስ ሁሉ ለስድብ የሚሆን ነበር። እነዚያን አንድ በአንድ ፈለጋቸው፤ ለዚህች ሴት የሚሆን አንድ እንኳ የለም። ጥቅሉን ብብቱ ሥር አስገብቶ ዞሮ ሄደ።

በጫማው ተራ አለፈ፤ በሽንኩርቱ ተራ አለፈ። ድስቱ በጋዜጣው ውስጥ ገና አልበረደም፤ ሙቀቱ በሸሚዙ አልፎ ጎኑን ይነካዋል።