ከራዲያተር የተረፈ ዘምዘም

ሙሐመድሁሴንና ታናሽ ወንድሙ ኑርዬ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ሰንብተዋል። አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ ሰላምታ ግን የላቸውም። የግድ መነጋገር ሲኖርባቸው በእህታቸው በኢቲሳም በኩል ነው።

ታላቅየው ከቤቱ ሳይርቅ አርሶ፣ አባቱን አስታሞ የኖረ ሰው ነው። ታናሽየው ጅዳ ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ ዘንድሮ ተመለሰና አሮጌ ፒካፕ ገዛ። መንደርተኛው ፒካፑን ሲያይ የታላቅየውን የስንት ዘመን ድካም ረሳው። ሙሐመድሁሴንን ያንገበገበው ይኸው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያንገበግባል።

አባታቸው ሐጂ ኡስማን አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። ዓይናቸውም ደክሟል። የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በመጨረሻ ሰዓቴ ጉሮሮዬን የሚያርሰው ዘምዘም ይሁን» ይላሉ። «በጎልማሳነቴ መካ ላይ ጠጥቼዋለሁ። ጨው ጨው ይላል፤ እንደ ሌላ ውሃ አይምሰላችሁ።»

ኑርዬ ሲመለስ ዘምዘሙን አልረሳም። ለዘምዘም ጀሪካን አውሮፕላን ላይ ኪሎ አይቆጠርም፤ ከዚያ አገር የሚመጣ ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቃል፤ ሌላ ነገር በዚያው ጀሪካን ሞልቶ የሚያስገባም አለ። አንዱ ዓረብኛ የተጻፈበት ነጭ ጀሪካን ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ሙሐመድሁሴንም ማንም እንዳይነካው ይጠብቀው ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት በአባቱ በር ሲያልፍ ኑርዬ አልጋው ሥር ሲያጎነብስ አየው። እግር ስሞ ሊመረቅ ነው ብሎ ገላመጠውና በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጣ ወጣ።

ፒካፑ የአምባሰልን ዳገት በወጣ ቁጥር ሞተሩ ይፈላል። የበፊቱ ባለቤት የሐይቅ ውሃ ሲሞላበት ኖሮ ራዲያተሩ በዝገትና በደለል ተደፍኗል። ኑርዬ ደግሞ ለመኪናው ያገኘውን ውሃ የሚቀዳ ሰው አይደለም። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ኩላንቱን እንኳ «ቀለም የተቀባ ውሃ» እያለ ይንቃል፤ ጅዳ የለመደው ቀለም የሌለውን፣ እንስሳ ጣፍጦት ልሶ የሚሞትበትን ንጹሑን ነው።

ያን ቀን ሥራውን ሲጀምር ኢቲሳምን ጥጃውንና ዶሮዎቹን እንድታስገባ አዘዛት። ግቢው ሁሉ የእሱ ሆነ ማለት ነው። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ከታች ያለውን ማፍሰሻ ፈታ። አተላ የመሰለ ውሃ ወረደ። ንጹሕ ውሃ እየሞላ፣ ሞተሩን እያስነሳ፣ እያቀዘቀዘና እያፈሰሰ ደጋግሞ አጠበው። የሚወርደው ሲጠራለት ማፍሰሻውን ዘጋ።

ሙሐመድሁሴን በሬዎቹን እየነዳ ሲመለስ ወንድሙ ዓረብኛ የተጻፈበትን ነጭ ጀሪካን ራዲያተሩ አፍ ላይ ደፍቶ አገኘው። የሚወርደው ጥርት ያለ ነው። ወዲያው የአንዱ የራዲያተር ቱቦ ማሰሪያ ተበጠሰና መሬት ላይ ፈሰሰ። የግቢው ውሻ ሮጦ መጥቶ ይልስ ጀመር፤ አልለቅም አለ። ኑርዬ በድንጋይ አባረረውና የፈሰሰውን አፈር አለበሰው።

«ዘምዘም ውሻ ሲልሰው እሱም አፈረ» አለ ሙሐመድሁሴን በሆዱ።

በሬዎቹን አስሮ ቤት ገባና ቁም ሳጥኑን አየ። ላዩ ባዶ ነው።

ሲወጣ ኑርዬ የለም፤ ማሰሪያ ሊገዛ በባጃጅ ወደ ሐይቅ ከተማ ሄዷል። ኢቲሳም የተነገራትን አደረሰች።

«ጀሪካኑን ማንም እንዳይነካው ብሏል።»

«የአባቴን ዘምዘም ለመኪና እያጠጣ፣ እኔን አትንካ ይለኛል?»

«ሲመጣ ጠይቀዋ።»

«ከእሱ ጋር ቃል የለኝም።»

«እኔ ልጠይቅልህ እንግዲህ። ትንሽ ታገስ ጋሼ፤ አላህን ፍራ።»

«ወላሂ አልታገስም። እሱ ሲመለስ የተረፈውንም ራዲያተሩ ይጠጣዋል። አባባ አሁኑኑ ይጠጣሉ።»

ጀሪካኑን ከመኪናው አጠገብ አንስቶ ወደ አባቱ ክፍል ገባ። ሐጂ ኡስማን ነቅተዋል። አንድ እጃቸው ከአልጋው ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

«ኑርዬ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባባ፣ ሙሐመድሁሴን። ዘምዘምዎን ከሌባ አስጥዬ አመጣሁልዎ።»

«ዘምዘሙን እኮ ኑርዬ ዛሬ ጠዋት አልጋዬ ሥር...»

«አውቃለሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙን አይጥሩብኝ።»

ሽማግሌው ከዚህ ልጃቸው ጋር መከራከር ከተዉ ቆይተዋል። ሙሐመድሁሴን ቀና አድርጎ በትራስ ደገፋቸውና ትልቁን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላው። ደስ አለው። በዚህ ቤት ለአባቱ የሚያስበው ማን እንደሆነ ዛሬ ይታያል።

«ጋሼ» አለች ኢቲሳም ከውጭ፤ «ውሻው ምን ሆኗል? ይንገዳገዳል።»

«በድንጋይ የፈነከተውን ሰውዬ ጠይቂው» አላትና ብርጭቆውን ለአባቱ አቀረበ። «ቢስሚላህ ይበሉ።»

ሐጂ ኡስማን ቢስሚላህ ብለው ጨለጡት። ባዶውን ብርጭቆ መልሰው ዘረጉለት።

«ጨምርልኝ ልጄ» አሉ ከንፈራቸውን እየላሱ፤ «የመካው እንዲህ አይጣፍጥም ነበር።»