ለጊዜው ነው በያቸው

ርዕሰ መምህሩ መስማት የተሳናቸው ልጆች ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ፊት ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ። መምህርቷ አጠገቡ ነበረች። በትምህርት ቤቱ የምልክት ቋንቋ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ጠዋት ቢሮው ጠርቷት መንግሥት የመንፈቁን በጀት እንዳልለቀቀ፣ ይልቀቅ አይልቀቅ የሚያውቅ እንደሌለ፣ ቢለቀቅም ለፈረሰው የትምህርት ቤቱ ጣራ እንደሚውል፣ ክፍሉም ሊዘጋ እንደሆነ ነግሯት ነበር። «ለልጆቹ ግን እርስዎ ይንገሯቸው፤ እኔ አስተረጉማለሁ» አለችው።

«ከነገ ጀምሮ ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር ትቀመጣላችሁ» አለ። እጆቿ ቃሉን ተከተሉ። «መምህርታችሁ... ትሰናበታለች።» ይህንንም የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል አስተረጎመች። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ጣቶቿን አከታትላ አንቀሳቀሰች።

«‹ታዲያ ማን ሊያናግረን ነው?› ትላለች» አለች መምህርቷ።

ርዕሰ መምህሩ ወደ መምህርቷ ዞረ። «ለጊዜው ነው በያቸው። በጀቱ እንደመጣ ትመለሳለች በያቸው።»

የመምህርቷ እጆች አየር ላይ ቀጥ አሉ። «በጀቱ ቢመጣም ለፈረሰው ጣራ ነው ብለውኝ የለ እንዴ ጠዋት?»

«ምን ላድርግ እህቴ? ልጆች ናቸው እኮ!»

«ዋሽቻቸው አላውቅም ጋሼ። ይህቺን እንኳ እርስዎ ይንገሯቸው» አለችና እጆቿን ኪሷ ከትታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

 ርዕሰ መምህሩ ምን እንደሚያደርግባቸው ሳያውቅ ሁለት እጆቹን አነሳ። ልጆቹም ምን ሊል ነው ብለው ጣቶቹ ላይ አፈጠጡ።