ያለ መንጃ ፈቃድ ወደ ቦሊቪያ

«ፈቃድ የሚሰጥሽ መንግሥት ልጅሽን ለጦር ይቆጥርብሻል፤» ትላለች አክስቴ ሱሽ፤ ለእናቴ ሳምንቱን ሙሉ ስትነግራት የከረመችውን። ነዳጅ ማደያው በር ላይ ወንድሜን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሰውን አውቶቡስ እየጠበቅን ነው። የሱፍ አበባ ፍሬ በጥርሷ እየፈለቀቀች ገለባውን አስፋልቱ ላይ ትተፋለች።

«ማን ነገረሽ?» እላታለሁ።

«ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንቺ ከመጽሐፍሽ ቀና ብለሽ ሰው መች ታያለሽ?»

የሚያናድደው ወሬው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ካንሳስ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወንድ ለውትድርና ካልተመዘገበ መንጃ ፈቃድ የለም። ወንድሜ ያኮብ ሐሙስ ይሞላዋል፤ ፈቃዱን ማደስ አለበት። ያለ ፈቃድ ደግሞ ለሥራ የሚነዳውን የከብት መኖ መኪና የሚሰጠው የለም። እኛ ሜኖናይት ክርስቲያኖች ጠመንጃ አንይዝም፤ ቅድመ አያቶቻችን ከሩሲያ የተሰደዱት ለዚሁ ነው። እናቴም መፍትሔ አገኘሁ ብላ ቦሊቪያ ገጠር ወዳለው አጎታችን እየላከችው ነው።

«መመዝገብ መዝመት አይደለም፤» እላታለሁ። «ቢጠሩት እንኳ ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብሎ ማመልከት ይችላል። አንብቤዋለሁ።»

«አንቺ ያላነበብሽው ምን አለ?» የያኮብን ኮሌታ ታስተካክላለች። «ስሙ አንዴ እጃቸው ከገባ ማን ይሰማዋል?»

«አትጨቃጨቁ፤» ይላል ያኮብ። «እዚያ የምነዳው ጋሪ ነው። ፈረሱን ፈቃድ አይጠይቁት።» ብቻውን ይስቃል። ከዚያ ስልኩን መዳፌ ላይ ያኖራል፤ አጎታችን ሰፈር ያሉ ሜኖናይቶች መኪናም ስልክም አይፈቅዱም።

አውቶቡሱ ይመጣል። እናቴ አታለቅስም። መስኮቱን በጉልበት ትደበድባለች፤ «ሳትበላ እንዳትተኛ!» ያኮብ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። አውቶቡሱ የእህል ጎተራውን አልፎ ይጠፋል።

ሻንጣውን የጫነው የአክስቴ የሱሽ ልጅ ኮርኔሊየስ ነው። ሃያ ዓመቱ ነው፤ በየቀኑ መኪና ይነዳል።

«አንተስ?» እለዋለሁ። «ፈቃድህን እንዴት አደስክ?»

እናቱን በጎን አየት አድርጎ ወደ ነዳጅ መቅጃው ጀርባ ይስበኛል። «ለእማዬ እንዳትነግሪ። ብትሰማ እኔንም ቦሊቪያ ነው የምትወረውረኝ። ተመዝግቤያለሁ።»

«መቼ?»

«እንደ ያኮብ ነዋ! በአሥራ ስድስት ዓመታችን ፈቃድ ስናወጣ። ለእኔ አባዬ ፈረመ። ወላጅ ቅጹ ላይ ከፈረመ፣ አሥራ ስምንት ሲሞላን ስማችን ለውትድርና በራሱ ይመዘገባል። የትም እንሁን የት።»

እናቴ ባዶው መንገድ ላይ ገና እጇን ታውለበልባለች።

«ለያኮብ ማን ፈረመለት?»

«እናትሽ ናታ። ሐኪም ቤት የሚወስደኝ ልጅ አገኘሁ ብላ፣ እየሳቀች ነው የፈረመችው።»