የሃያ አራቱ የግርጌ ማስታወሻዎች ጉዞ

ጣልያናዊው ሊቅ ዶቶር ቤላንዲ በሁለት ዓመት ጥናቱ አንድ ነገር አረጋግጧል፤ የጣና ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ የሮማን መምጣት ሲጠብቅ ኖሯል። ሐይቁ ራሱ ይህን ተናግሮ ስለማያውቅ፣ ማስረጃው ከገዳማቱ የብራና መጻሕፍት መውጣት ነበረበት።

ማስረጃ የማውጣቱ ሥራ የመርስዔ ኀዘን ሆነ። የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ሦስት። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር በተሠራች የቆርቆሮ ቢሮ ተቀምጦ የዶቶሩን የግርጌ ማስታወሻዎች ያሰናዳል። ጽሑፉን የሚያትመው የሮማ መጽሔት ስለ ግርጌ ማስታወሻ ብቻ ስምንት ገጽ ሕግ ነበረው። መጽሐፉ፣ ገዳሙ፣ ቅጠሉ፣ የቅጠሉ ፊት ወይም ጀርባ፣ ዓምዱ፣ መስመሩ፤ በዚሁ ተራ፣ በየመካከሉ ነጠላ ሰረዝ። ነጠላ ሰረዝ የጎደለው ሊቅ በሮማ ሊቅ አይባልም።

መርስዔ ኀዘን እያንዳንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ይቆጥራል። ከዚያ ቆጠራውን ይጠራጠርና አራተኛ ይቆጥራል። ሠፈሩ የሚያውቀው ግን ለጣልያን መጻፉን ብቻ ነው። አክስቱ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ሰላምታ ከነሡት ወር አልፏል።

ጽሑፉ ወደ ሮማ ከመሄዱ በፊት ሳንሱር ያልፋል። ሳንሱሩ ሻምበል ሪጋሞንቲ ነው። ሐይቁ ላይ ያለችው አንዲት የሞተር ጀልባም የምትታዘዘው በእሱ ነው፤ በታንኳ የሚሻገሩ አርበኞችን ያሳድድባታል። አርበኛ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ፊደልም ይጠራጠራል። «ገድል፣ ዳጋ፣ ፷፩፣ ጀርባ፣ ፪፣ ፲፬» የሚለውን ሲያይ ዐይኑ በራ።

«ይህ ምስጢር ነው፤» አለ። «ለሽፍቶች የሚላክ ቁጥር ነው።»

ዶቶሩ አማርኛን ከመጽሐፍ ስለተማረ፣ ቅዳሴ የሚቀድስ ይመስል እያዜመ ተረጎመ። «ኦ ወልድየ፣ ሻምበሉ አንገትህን ይሻል።»

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። ሻምበሉ ራሱ በጀልባዋ በየገዳሙ እየሄደ ማስታወሻዎቹን ከመጻሕፍቱ ጋር ያመሳክራል። ከአንድ እስከ ሃያ አራት፣ በቀን አንድ፣ በተራቸው። ዶቶሩና መርስዔ ኀዘን አብረውት ይሄዳሉ። አንዲት መስመር በቦታዋ ካልተገኘች መርስዔ ኀዘን ይሰቀላል። ዝርዝሩን በንጹሕ ገልብጦ እንዲያመጣ ሦስት ቀን ተሰጠው።

ሦስቱንም ቀን ሲጽፍና ሲያበላሽ ዋለ። ዓሣ አጥማጁ ሱሌማን በየጧቱ ዓሣውን ይዞ የቢሮው ደጅ ላይ ይቆማል።

«የኔታ፣» ይለዋል እያሾፈ፤ «የተበላሸውን ወረቀት ወዲህ በል። አንተን ሊያሰቅልህ ነው፤ እኔ ግን ዓሣ እጠቀልልበታለሁ።»

«ተወኝ እስቲ ሱሌማን፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«ይንቀጥቀጥ እንጂ! ብዙ ወረቀት ይበላሻል።»

ንጹሑን ዝርዝር ሲያይ ዶቶሩ ግንባሩን ቋጠረ።

«ሰባተኛው ሦስተኛ ሆኗል። አራተኛው ሃያኛ ላይ ሄዷል። ስለምንት?»

«ዐረፍተ ነገሮቹን ትንሽ አዛውሬያቸው ነው ጌታዬ። እንዲህ የሚያምር መሰለኝ። ተሳስቼ እንደሆነ እመልሳቸዋለሁ።»

ዶቶሩ ጽሑፉን እንደገና አነበበው። ዐረፍተ ነገሮቹ ቦታ ቢለውጡም ትርጉሙ ንቅንቅ አላለም።

«እንዲያውም ጠልቋል፤» አለ።

ጉዞው ተጀመረ። መጀመሪያ ቀን ዳጋ፣ በማግስቱ ዘጌ፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና ዳጋ፣ በአራተኛው ወዲያ ማዶ ጎርጎራ። የጀልባዋ ነጂ ነዳጁ አሳዝኖት፣ «ሁለቱን የዳጋ ማስታወሻዎች ባንድ ቀን ብንጨርስስ?» ቢል፣ ሻምበሉ «ከሁለት በኋላ የሚመጣው ሦስት ነው» ብሎ አፉን ዘጋው። ሥልጣኔ ማለት ይኸ ነው።

ማስታወሻዎቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ተገኙ። የሻምበሉ ጥርጣሬ ግን በየቀኑ ባሰበት። ንጹሕ ሰው፣ በእሱ ግምት፣ ይህን ያህል ትክክል አይሆንም።

በዘጠነኛው ቀን ወታደሮች ሱሌማንን ከነዓሣው ይዘው አመጡ። ዓሣው የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ቁጥር አግኝተው ነው። ሻምበሉ በደስታ ከወንበሩ ተነሣ። ወረቀቱን ከገዛ ዝርዝሩ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ አስተያየ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የዓሣው ደም ብቻ ነው።

«ምን ይላል ይህ?» ብሎ በዶቶሩ በኩል ጠየቀ።

«እኔ ምን አውቄ ጌታው? ዓሣውን ጠይቁት፤ ሲያነበው ያደረ እሱ ነው።»

ሻምበሉ በገዛ ኪሱ ይዞት የሚዞረውን ዝርዝር ምስጢር ሊለው አልቻለም። ሱሌማንን አስለቀቀው። ዓሣውን አስቀረ።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ናርጋ ደረሱ። ሻምበሉ የብራናውን መስመር በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ማስታወሻው ዐሥራ አንደኛ መስመር ይላል። ቃሉ የተገኘው ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ነው። ሻምበሉ ከብዙ ቀን በኋላ ፈገግ አለ።

«ገመድ አምጡ።»

መርስዔ ኀዘን ወደ ብራናው ጎንበስ አለ። «ከላይ ያለውን ቀዩን መስመር ቆጥረውት ነው፤» አለ በጣቱ እያሳየ። «ቀዩ ርእስ ነው። በመጽሔቱ ሕግ ርእስ አይቆጠርም። አምስተኛው ገጽ ላይ አለ። ስድስተኛው ይሆን እንዴ? የለም፣ አምስተኛው ነው።»

ዶቶሩ ሕጉን ከቦርሳው አውጥቶ ገለጠ። አምስተኛው ገጽ ነበር። ሰው አገር በጉልበት የገባው ሻምበል ለሕግ ሲሆን ልቡ ገር ነውና፣ ገመዱ ተመልሶ ተጠቀለለ።

በሃያ አራተኛው ቀን «ምስጢር የለበትም» የሚል ማኅተም ተመታበት። ጽሑፉ ከነነጠላ ሰረዞቹ ወደ ሮማ ተላከ። መርስዔ ኀዘን አንገቱን እየዳሰሰ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። ሱሌማን ውኃ የጠጣ ታንኳውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጠበቀው።

«ጀልባዋ በሌለችበት በሌለችበት በኩል የአርበኞቹ ጠመንጃ ሁሉ ተሻግሮ አለቀ፤» አለው፤ «የጎርጎራዎቹ ግን ዶቶሩ ሌላ ጽሑፍ እንዲጽፍ ለምንልን ብለውሃል።»