ያንን ሳል ከየት አመጣኸው?

«በቃ አቁም... አባቴ እንደዚህ አይስልም!»

ራስማኔ ይህን ሲል የግቢው ሳቅ ድንገት ተቋረጠ...

ከቀብር መልስ ነው። ኩዱጉ ከተማ፣ የሟቹ፣ የራስማኔ አባት የባባ ኑፉ ግቢ በለቀስተኛ ጢም ብሏል።

መሀል ላይ የቆመው ላሳና ነው። የራስማኔ የልጅነት ጓደኛ፣ አገር ምድሩ የሚያውቀው ኮሜዲያን።

የሟቹን ሰፊ ቀሚስ ለብሷል። የሟቹን ከዘራ ይዟል። እየሳለ፣ እያነከሰ በሰው መሀል ይዞራል...

«ይሄን ሩዝ ማነው የቀቀለው? እኔ እኮ ነኝ የሞትኩት፣ ጨው አልሞተም» ይላል በሟቹ ድምፅ። ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል።

እንዴት ለቅሶ ቤት ይቀለዳል እንዳትሉኝ። ላሳና ሳሞ ነው፣ ራስማኔ ደግሞ ሞሲ። ሞሲና ሳሞ ከጥንት ጀምሮ በቀልድ የተዛመዱ ሁለት ጎረቤት ብሔረሰቦች ናቸው።

ሳሞው ሞሲውን በሠርጉም በለቅሶውም «አሽከሬ» እያለ ያሾፍበታል። ሞሲው ከተቆጣ ነውሩ የራሱ ነው።

ራስማኔ ይሄን አጥቶት አይደለም...

ግን ያን ቀን ራስማኔ ከሚሠራበት ከዋና ከተማው ከዋጋዱጉ አለቃው መጥተዋል። ከሌላ አገር ተሹመው የመጡ፣ ወጉን የማያውቁ ሰው። አፋቸውን ከፍተው ላሳናን ያያሉ፣ ዞር ብለው ራስማኔን ያያሉ።

ራስማኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር። ሲብስበት ነው የጮኸው።

«አባቴ አያነክስም! ሰው ለማሳቅ ብለህ አባቴን አታዋርደው።»



ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም እሱን አዩት። አክስቱ ፖኮ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው አንገታቸውን ደፉ።

ላሳና ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«እሺ ወንድሜ» አለ፣ በራሱ ድምፅ።

ወንድሜ... «አሽከሬ» እንኳን አላለውም። ራስማኔን ያስደነገጠው ይሄ ነው።

እንግዲህ ላሳናን ከጅምሩ የሚያውቀው እሱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን መጠጥ ቤት ውስጥ ቆሞ፣ መንገድ ላይ ለቅጽበት ያየውን ሰው ሁሉ ያስመስል ነበር። ጠጪዎቹ «አሁን ይሄ ማንን መሆኑ ነው?» እያሉ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ኳስ ያዞሩበታል። ራስማኔ ብቻ ይሉኝታ ይዞት ያጨበጭባል።

ኋላ ላሳና ልብ ገዛ። አንድ ብስክሌት ጠጋኝ መድረክ ላይ ለማምጣት ክረምቱን ሙሉ ከሰውዬው ሱቅ አልጠፋም።

«አጠገቡ ተቀምጬ ያልዋልኩትን ሰው አላስመስልም» ይል ጀመር።

ከዓመት ዓመት አዳራሹ ሰፋ፣ ወንበሩ ሞላ። ራስማኔም ከፊት ተቀምጦ ለባልደረቦቹ በኩራት ያወራ ነበር... «ይሄ ልጅ እኮ አያጋንንም። ያየውን ብቻ ነው የሚያሳየው።»

ያየውን ብቻ...

አሁን የገዛ ቃሉ በራሱ ላይ ዞረበት።

እሱ ራሱ አባቱን መጨረሻ ያየው መቼ ነው? አምና በበዓል? ወይስ ካቻምና?

ከዋጋዱጉ ኩዱጉ እኮ ጠዋት ተነስቶ ደርሶ መልስ ነው። ግን ሥራ አለ፣ ስብሰባ አለ... በየሳምንቱ ይደውላል፣ በዚያ ራሱን ጥሩ ልጅ አድርጎ ይቆጥራል።

«ያንን ሳል ከየት አመጣኸው?» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ከዚሁ ነዋ። ከትርኢት ስመለስ እሳቸው ጋ እያደርኩ ነው የምሄደው። ቀሚሱንም ራሳቸው ሰጡኝ፣ ስሞት ይሄን ለብሰህ አስቅልኝ ብለው።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ልነግርህ ነበር... ልጄን ከሥራው ብታናጥበው አልምርህም አሉኝ።»

ራስማኔ ፊቱ በሀፍረት ጋለ። አለቃውንም፣ ሰዉንም ረሳ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ቀጥል» አለው። «እባክህ አሳየኝ... እኔ አላየሁትም።»

ላሳና ትንሽ አመነታ። ከዚያ ከዘራውን አነሳ፣ ጎበጥ አለ፣ ከቀሚሱ ኪስ ስልክ አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈ።

«አቤት ልጄ... ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና...»

ወዲያው ስልኩን ቀሚሱ ውስጥ ወሸቀና፣ ሰውነቱ እስኪንዘፈዘፍ ሳለ... ሳለ... አፉን ጠራረገና ስልኩን መልሶ አወጣ።

«ምን አልክ? አይ፣ ኔትወርኩ ነው ልጄ! ይሄ ኔትወርክ እኮ ሊገድለን ነው!»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። አክስት ፖኮ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አለቃው ሳይቀሩ ሳቁ።

ራስማኔም ሊስቅ አፉን ከፈተ...

ከዚያ ገባው።

በየሳምንቱ፣ ወሬው መሀል ላይ የአባቱ ድምፅ ይጠፋ ነበር። እሱም ሰዓቱን እያየ «አባዬ ኔትወርኩ አስቸገረ፣ በቃ ሌላ ቀን» ብሎ ይዘጋው ነበር...

ለካ አንድም ቀን የኔትወርክ ችግር አልነበረም።

ላሳና ቀልዱን ትቶ አጠገቡ ቁጭ አለ። ራስማኔ የአባቱ ቀሚስ ላይ ፊቱን ደፍቶ፣ ሰው እያየው፣ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ወዳጆቼ... ስለደወላችሁ ብቻ ጠየቅን አትበሉ። «ደህና ነኝ» ያላችሁን ወላጅ ሁሉ ደህና ነው ብላችሁ አትተኙ። ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ዘንድሮ ከወንበር የሚነሱት እንዴት ነው? ምን ይዘው? ምን ብለው?

የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን... የማታውቁም «አላውቅም» ብላችሁ ጻፉ፣ ማንም አይስቅባችሁም።