ሔለን ትሙት

ሁለቱ ጎረቤታሞች አንሶላውን ከየጫፉ ይዘው እየጠመዘዙ ነበር። እሁድ ሔለን ከቤይሩት ስትመጣ የምትተኛበት አንሶላ ነው። ሔለን ግን ሞታለች። ረፋዱ ላይ ወሬው ካዛንችስ ሲደርስ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች መርዶው ለእናቷ ነገ ጎህ ሲቀድ ይነገራል፣ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ብለው ነበር።

«ዛሬ ሰፈሩ ምን ነካው?» አሉ እትዬ ሀብትነሽ፣ የያዙትን ጫፍ ሳይለቁ። «ሁሉም ሲያየኝ ይሸሻል። አንቺም ቀና ብለሽ አታዪኝም። ልጄ ምን ሆነች?»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ትሆናለች ብለው ነው? ደህና ናት።»

«እንግዲያው በልጅሽ ማይልኝ። ፌቨን ትሙት በይ!»

ፌቨን በሩ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ስሟን ስትሰማ ቀና አለች። ጎረቤቲቱ ልጇን አየቻት፤ ፌቨን እርሳሷን ከአፏ ሳታወጣ ፈገግ አለችላት። ሴትየዋ አንሶላውን አጥብቃ ጠመዘዘች፤ ከእሱ የሚወርደው ውሃ እግሯን አራሰው።

«ሔለን ትሙት!» አለች።

እትዬ ሀብትነሽ በረጅሙ ተነፈሱ። ፊታቸው በራ።

«ተመስገን! በእሷማ በሐሰት አትምዪም።» አንሶላውን ትተው መጡና ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። «ይቅር በይኝ እናቴ። እኔ በልጅሽ ማይ ስልሽ አንቺ በልጄ ማልሽልኝ። ለካ ከራስሽ ልጅ አብልጠሽ ነው የምትወጃት።»